ውሃውን አትነካካው

ሰኞ 3

ባለቤቴ ዛሬ በጠዋቱ አውቶቡስ ታላቅ እህቷ ዘንድ ሄደች። ለአየር ለውጥ ነው። ትልቁን ሻንጣ ነው የያዘችው፤ የትንሹ ዚፕ አስቸጋሪ ስለሆነ ይመስለኛል። (ዚፑን ባለፈው ወር አሠርቼው ነበር።) ስንት ቀን ትቆያለሽ ስላት «እስቲ ይሁን» አለች። እስቲ ይሁን የሚባል የቀን ቁጥር አላውቅም። ሁለት ሳምንት ብዬ ይዤዋለሁ።

በር ላይ ቆማ ስለ ዓሦቿ አስጠነቀቀችኝ። ጠዋት አንድ ቁንጥር ምግብ። ማታ መብራቱን ማጥፋት። «ውሃውን ብቻ አትነካካው» አለች።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የከተማውን ውሃ ሳጣራና ክሎሪን ስጨምር የኖርኩ ሰው ነኝ። እዚህ ከተማ ቧንቧ ከፍቶ የጠጣ ሁሉ የእኔን ሥራ ጠጥቷል። ለእኔ ነው እንግዲህ ውሃውን አትነካካው የምትለው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሻንጣዋን ተሸከምኩላት።

የሹራቡ ጉዳይ አልተነሳም። ካልተነሳ ተረስቷል ማለት ነው።

ማክሰኞ 4፣ ማታ

የእረፍት ቀኔ ስለሆነ የዓሦቹን ገንዳ ቀረብ ብዬ አየሁት። ቴሌቪዥኑ ጎን ነው የተቀመጠው፤ የክንድ ያህል ይረዝማል። ውስጡ አምስት ዓሣ አለ፤ ስም ያወጣችላቸው እሷ ናት። ትልቁ ወርቃማ ዳኛው ነው፤ ከታች ቁጭ ብሎ ሁሉን በዝምታ ይመለከታል። ጅራተ ረጅሟ ነጭ ሙሽሪት ናት። ጥቁሩ ከዳር ዳር ሲመላለስ ስለሚውል አስተናጋጁ ተብሏል። የቀሩት ሁለቱ መንትዮቹ ናቸው።

መስታወቱ አረንጓዴ ሆኗል። ማጣሪያው ውስጥ ያለው ስፖንጅ ጭቃ የመሰለ ቡናማ ነገር ጠጥቷል። እኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ማጣሪያ ቢገኝ ፈረቃው በሙሉ ደብዳቤ ይጻፍበት ነበር። እሷ አትነካካው ያለችው እንዳልደክም አስባልኝ መሆን አለበት።

ዓሦቹን ወደ ባልዲ አዛውሬ ውሃውን በሙሉ ደፋሁት። ጠጠሩን ቀቀልኩት። ስፖንጁን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠብኩት። ከዚያ ከቧንቧው እስከ አፉ ሞላሁት። አራት ሰዓት ፈጀብኝ። አሁን ገንዳው ውስጥ ውሃ መኖሩ ራሱ አይታወቅም። ስትመጣ ዓይኗን አታምንም።

ረቡዕ 5

ዓሦቹ በሙሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ንጹሕ ውሃ አግኝተው አያውቁም ማለት ነው። ምስጋና መሰለኝ።

ባለቤቴ ደወለች። «ዓሦቹስ?» «ደህና ናቸው።» «አንተስ?» «ደህና።» «እሺ በቃ።» አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። ሥራ ላይ በየሰዓቱ የውሃውን ሁኔታ ስለምመዘግብ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ሐሙስ 6፣ ጠዋት

ከመንትዮቹ አንዱ ሞቶ ተንሳፍፏል። የትኛው እንደሆነ አልለየሁም። ውሃው ቆሽሾ ይሆናል። እንደገና በሙሉ ቀየርኩት።

ሥራ አራት ደቂቃ ዘገየሁ። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

ዓርብ 7

አስተናጋጁም።

ዳኛው ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ሙሽሪት ጥግ ይዛለች። የገንዳ ዓሣ ሻጭ ፍለጋ እየሄድኩ ነው።

ዓርብ 7፣ ማታ

ጉድ የፈላበት ቀን ነው፤ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዓሣ መሸጫው ከፀጉር ቤቱ አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሻጯ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ወፈር ያለች ሴት ናት። ሁለት ዓሣ እንደሞተብኝ ነገርኳት።

«ውሃውን ምን አደረግኸው?»

«ቀየርኩት።»

«ምን ያህሉን?»

«ሁሉንም። ሁለት ጊዜ።»

መነጽሯን አደረገችና አየችኝ። «ስፖንጁንስ?»

«አጠብኩት። በሳሙና።»

ከንፈሯን መጠጠች። ለእኔ ይሁን ለዓሦቹ አልገባኝም።

«ወንድሜ፣ ስፖንጁ ላይ ያየኸው ቆሻሻ አይደለም። በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው። ከዓሦቹ የሚወጣውን መርዝ የሚያጠፉላቸው እነሱ ናቸው። አንተ እነሱን በሳሙና ጨርሰህ፣ የቧንቧ ውሃ ደፋህበት። እዚህ ከተማ ውሃ ውስጥ ክሎሪን የሚሞጅር አንድ ሰውዬ አለ። አንድ ቀን ባገኘው የምለውን እኔ ነኝ የማውቀው። ስንት ዓሣ እንደፈጀብኝ!»

«ብዙ ሳይሆኑ አይቀሩም» አልኳት። «በፈረቃ ነው የሚሠሩት ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ታውቃቸዋለህ እንዴ?»

«በዓይን።»

የምትለውን ሁሉ ፖስታ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። የቧንቧ ውሃ በባልዲ ተከፍቶ ሁለት ቀን ይቀመጥ፣ ክሎሪኑ ይተናል። ከገንዳው የሚቀየረው አንድ አምስተኛው ብቻ ነው። ስፖንጁ ቢደፈን እንኳ ከገንዳው በተቀዳው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ይደረግ፣ ቧንቧ አይንካው። ምግብ እስከ መቶ ስቆጥር ከሚጨርሱት አይብለጥ። «ከሁሉም በላይ ደግሞ እጅህን ሰብስብ» አለችኝ። እሱንም ጻፍኩት።

ከሞቱት ጋር የሚመሳሰሉ ሁለት ዓሦች እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት። ባለቤቴ ስትመጣ አምስት ማግኘት አለባት።

«አልሸጥልህም። ገንዳው እስኪያገግም ስድስት ሳምንት ጠብቅ። አሁን ብሰጥህ ትገድላቸዋለህ።»

«እሺ፣ ለዛሬስ? ክሎሪን ያልነካው ውሃ ከየት ላምጣ?»

«ወንዝ ውረድ» አለችኝና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረች።

እኔ ግን ከወንዝ የሚሻል ቦታ አውቃለሁ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ውሃው ከአሸዋው ተጣርቶ ወጥቶ፣ እኔ ክፍል ገብቶ ክሎሪን ከመጠጣቱ በፊት፣ ናሙና የሚቀዳበት አንድ ቧንቧ አለ። ፈረቃዬ ሲያልቅ ሁለት ጀሪካን ሞልቼ ወጣሁ። ዘበኛው በር ላይ አስቆመኝ።

«ምንድን ነው?»

«ውሃ።»

«ወዴት?»

«ወደ ቤት።»

ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው። «እዚህ በር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ» አለኝ። «ሽቦ ይዞ ሲወጣ የያዝኩት አለ፣ አምፖል ይዞ ሲወጣ የያዝኩት አለ። ከውሃ መሥሪያ ቤት ውሃ ይዞ የወጣ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ። ክሎሪን አለው?»

መዋሸት አልቻልኩም። «የለውም።»

እሱንም መዝገቡ ላይ አሰፈረው።

ሰኞ 10

ሦስቱ ተርፈዋል። ቤቱ ባልዲ በባልዲ ሆኗል፤ ወደ መኝታ ቤት የምሄደው በጎኔ ነው። እያንዳንዱ ባልዲ ላይ የተቀዳበትን ሰዓት ለጥፌያለሁ።

ባለቤቴ ደወለች። ገና ሄሎ ስትል «አምስቱም ደህና ናቸው» አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ። «ይመስገን» አለች። አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ።

ስድስት ሳምንት ከቆየች ሁለት ዓሣ ገዝቼ እተካለሁ፣ ነገሩ ይዘጋል። ግን ስድስት ሳምንት እንድትቆይ አልፈልግም። ቶሎ ከመጣች ደግሞ ሦስት ዓሣ ነው የምታገኘው። የቱን እንደምመኝ አላውቅም።

ረቡዕ 12

ዛሬ ሥራ ላይ እጄ የክሎሪኑ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ላይ እንዳለ ቀረ። በጣም በትንሹ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ ክሎሪኑን ብቀንሰው፣ የቤቴ ቧንቧ ውሃ ለዓሦቹ ይስማማ ነበር። ለሦስት ዓሣ ስል የከተማውን ሕዝብ ሆድ ላሳምም ነው? እጄን ኪሴ ከተትኩ። ለአለቃዬ ብናገር ያዝንልኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ ሳስበው ግን የሚያባርረኝ መሰለኝ።

ሐሙስ 13

ዘበኛው ለሬዲዮ ነግሮታል። ሬዲዮ የፈረቃ ጓደኛዬ ነው፤ ስሙ ሌላ ነው፣ ግን አንድ ነገር ከሰማ ሳያሠራጭ ስለማያድር ማንም በስሙ አይጠራውም።

ዓርብ 14፣ ማታ

ምሳ ሰዓት ክበብ ስገባ ሁሉም ሰው ከቤቱ አፍልቶ በላስቲክ ጠርሙስ ያመጣውን ውሃ ይዞ ተቀምጧል። የክበቡ ማሰሮ እስከ አፉ ሞልቶ የሚቀዳው ጠፍቷል። ለካስ ወሬው እንዲህ ነው፦ ክሎሪን የሚጨምረው ሰውዬ ራሱ ክሎሪን ያለበትን አይጠጣም፣ በስውር ሌላ ወደ ቤቱ ያግዛል፤ እኛ ያላወቅነው እሱ ያወቀው ነገር አለ።

ከጀርባዬ ጸሐፊዋ «ሚስቱም ጥላው የሄደችው በውሃው ምክንያት ነው አሉ» ስትል ሰማሁ። ሬዲዮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኧረ በሹራብ ነው፤ ሚስቴ ነግራኛለች» አላት።

ጥሎ መሄድ የሚባል ነገር የለም። ለአየር ለውጥ ነው የሄደችው።

ስለ ሹራቡም ሰው ከሚያወራው እኔ እዚህ እውነቱን ልጻፍ። ነገሩ ቀላል ነው። የባለቤቴ እናት ካረፉ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኗቸዋል። ሹራባቸው ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ባለቤቴ አታጥበውም፣ አትለብሰውም፣ አታነሳውም። አንዳንዴ ከሥራ ስገባ ፊቷን ሹራቡ ውስጥ ቀብራ ቆማ አገኛታለሁ። አቧራ ይዟል። ሳል ያመጣባታል ብዬ ሰጋሁ። ገበያ በሄደችበት ጊዜ አጠብኩላት፤ ነገሩ እንዲጸዳ ትንሽ በረኪና ጨመርኩበት። ነጫጭ ነጠብጣብ አወጣ። ሽታው ደግሞ ልክ እንደ ሥራ ቦታዬ ሆነ። ስትመለስ እንደ ልማዷ ፊቷን አስጠጋችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ለደግ ብለህ ነው፤ አውቃለሁ» ብላ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ይኸው ነው። ለደግ ብዬ እንደሆነ ራሷ ተናግራለች።

ታዲያ ለምን እንቅልፍ እንደሚነሳኝ አላውቅም።

ማክሰኞ 18

አለቃዬ አስጠራኝ። የዘበኛው መዝገብ ፊቱ ተዘርግቷል። «ቤትህ ቧንቧ የለም እንዴ?» አለኝ። አለ አልኩት። «ታዲያ ሰው ሁሉ እየደወለ ውሃው ይጠጣል ወይ እያለ የሚጨቀጭቀኝ ለምንድን ነው?»

ዓሣ ነው አልኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ሳቁን ለመያዝ በመስኮቱ በኩል ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ «ነገ ሁሉም ባለበት ትናገራለህ፣ ትጠጣለህ» አለኝ።

ረቡዕ 19

ክበብ መሀል ቆሜ ከማሰሮው ቀድቼ ሦስት ብርጭቆ ጠጣሁ። ከዚያ ውሃው ለሰው እንጂ ለዓሣ እንደማይሆን አስረዳሁ። ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ነበር። ጸሐፊዋ እንባዋን ጠረገች። ሬዲዮ «ስንት ቀሩልህ ታዲያ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሦስት።»

«ለሚስትህ ምን አልካት?»

«አምስቱም ደህና ናቸው።»

ያኔ ማንም አልሳቀም። ሬዲዮ እንኳ ሻዩን ማማሰል ጀመረ። 

እሑድ 23

ሁለቱ ሳምንት ካለፈ ቆይቷል። አቆጣጠሬ ላይ ስህተት ሳይኖር አይቀርም።

ከገንዳው አንድ አምስተኛውን ቀዳሁ፤ በተቀዳው ውሃ ስፖንጁን ጨመቅ አደረግኩት። ቡናማው ነገር ተመልሶ መጥቷል። ደስ አለኝ። በቆሻሻ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። ስፖንጁን እንደያዝኩ ሹራቡ ትዝ አለኝ።

መሳቢያውን ከፈትኩ። ሹራቡ አለ። ይዛው አልሄደችም። ጥሩ ምልክት ይሁን መጥፎ መለየት አቃተኝ። አሸተትኩት፤ አሁንም እኔን እኔን ይሸታል። አጥፌ እንደነበረ መለስኩት። እንደ እሷ አድርጎ ማጠፍ ግን አልቻልኩበትም።

ደወለች። «አምስቱም ደህና ናቸው።» «እሺ።» ሃምሳ ሰከንድ። እያጠረ ነው።

ዓርብ 28

መስታወቱ እንደገና አረንጓዴ እየሆነ ነው። እጄን ይበላኛል። ዓሦቹን የማየው ከሶፋው ላይ እጄ ላይ ተቀምጬ ነው።

ማክሰኞ 2

ዳኛው በጎኑ ተኝቷል።

ሻጯ ጋ እየሮጥኩ ሄድኩ። «አሁንስ ምን አደረግህ?»

«ምንም።»

«ወንድሜ።»

«አንድ ቀን ብቻ ሁለቴ አበላሁት። የራበው መስሎኝ።»

«ስንት ቀን?»

«አምስት ቀን።»

«ሦስት ቀን ምግብ የሚባል አታሳየው። መድኃኒትም አትጨምር። ዝም በል በቃ። አንተ ዝም ብለህ መቀመጥ አትችልም?»

ይህን ጥያቄ ባለቤቴም ጠይቃኝ ታውቃለች። ያኔ «ሥራ የሚጠላ ሰው አይደለሁም» ብዬ ነበር የመለስኩላት።

ሐሙስ 4፣ ማታ

ከሥራ ስመለስ ዳኛው እንደዚያው ነው። ጉንጩ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው በሕይወት መኖሩ የሚታወቀው። ወንበር አምጥቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ከሁሉም አብልጣ የምትወደው እሱን ነው። እሱ ከሞተ ሁለቱን ይዤ አምስት ናቸው ልላት ነው? ደግሞስ ዓሣ ብቻ ነው እንዴ የደበቅኋት? ሁልጊዜ የምትደውለው እሷ እንደሆነች፣ እኔ አንድ ቀን እንኳ ደውዬላት እንደማላውቅ ያኔ ታየኝ።

ደወልኩ። ሰላምታ ሳልሰጣት ጀመርኩ።

«ዓሦቹ ደህና አይደሉም። አንዱ መንትያና አስተናጋጁ ከሞቱ አራት ሳምንት ሆኗቸዋል። ዳኛው ደግሞ ሊሞት ነው። ውሃውን ነካካሁት።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ማነው የነገረሽ? ሬዲዮ ነው?»

«አንተ ነሃ። ገና ሄሎ ስል 'አምስቱም ደህና ናቸው' ትለኛለህ። አንተ መቼ ዓሣ ቆጥረህ ታውቃለህ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ራስህ እስክትነግረኝ።»

«ሹራቡንም» አልኩ።

«ሹራቡን ምን?»

«ሹራቡንም ነካካሁት። ቆሻሻ መስሎኝ ነበር። እናትሽ እንደሆኑ አልገባኝም። ይቅር በይኝ።»

ስታለቅስ ሰማኋት፤ እኔም ዝም ብዬ ቆየሁ። ዝም ማለት ከሥራ ሁሉ የሚከብድ ነው። በመጨረሻ «አንተስ ደህና ነህ?» አለችኝ።

«ደህና አይደለሁም። የምተኛው በባልዲ መሀል ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እንቁላል ብቻ ነው የበላሁት።»

በለቅሶዋ መሀል ሳቀች። ከዚያ ስለ እናቷ አወራችልኝ፤ ሹራቡን የገዛችላቸው በመጀመሪያ ደመወዟ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

አርባ አንድ ደቂቃ። ሰከንዱን አላየሁም።

ዓርብ 5

ዳኛው ቀና ብሏል! ገና ዘንበል ዘንበል ይላል፤ ግን ቦታው ላይ ሆኖ በዝምታ እያየኝ ነው። ምንም አላደረግኩለትም። ለዚያ ነው የዳነው።

ረቡዕ 10

ቅዳሜ ትመጣለች። ቤቱን ጠርጌ ወለወልኩ። ገንዳው ጋ ስደርስ እጄን ኪሴ ከተትኩ። በረኪናውን ሥራ ቦታ ወስጄ መጋዘን አስቀመጥኩት። ዘበኛው ሲያየኝ «አሁን ደግሞ ማስገባት ጀመርክ?» ብሎ መዝገቡን አወጣ።

ለዓሣ ሻጯም ዳኛው እንደዳነ ልነግራት ጎራ አልኩ። በዚያው ክሎሪን የምጨምረው እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። መነጽሯን አድርጋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ገምቼ ነበር» አለች። «አንተን ያገኘሁ ቀን የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ አሁን ሳይህ ግን ረሳሁት።»

ቅዳሜ 13

አውቶቡሱ ሃያ ደቂቃ ዘገየ። እኔ አንድ ሰዓት ቀድሜ ደርሼ ነበር።

ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ገንዳው ጋ ሄደች። ጎንበስ ብላ ዳኛውን አየችው፣ እሱም አያት። በጣቷ አረንጓዴውን መስታወት ነካ አድርጋ «አልጠረግከውም» አለች።

«አልጠረግኩትም።»

የቀረውን መንትያ ስትፈልግ ቆየች። እስክታገኘው ጠበቅኋት። «ብቻውን ቀረ» አለች። አዎ አልኳት። ደህና ነው አላልኩም።

ከዚያ ትልቁን ሻንጣ ከፈተች። ከላይ ተጣጥፎ አንድ ያረጀ ሻርፕ አለ። የእናቷ ነው፤ እህቷ ዘንድ የቀረ። እህቷ አንድ ቀን እንኳ አላጠበችውም። ፊቷን አስጠጋችበትና ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ እኔን አየችኝ። «በረኪናው የት ነው?»

«ሥራ ቦታ።»

ትንሽ አሰበች። ሄዳ ሻርፑን ከበሩ ጀርባ፣ ሹራቡ የነበረበት ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ከዚያ በጎኗ ባልዲዎቹን እያለፈች ወደ መኝታ ቤት ሄደች። «ይህን ሁሉ ሰዓት የለጠፍከው አንተ ነህ?» ስትል ሰማኋት።

ይህን የምጽፈው እሷ እየታጠበች ሳለ ነው። ሻርፑ ላይ አቧራ አለ፣ ጫፉ ላይ የሆነ ነገር ፈሶበት ደርቋል፣ አንድ ክር ተንጠልጥሏል። ከምሳ ወዲህ ሦስት ጊዜ በአጠገቡ አልፌያለሁ። አልነካሁትም።